በእኔ ሻንጣ ያለፈው ፖስታ

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ከከተማችን ከኢሎኢሎ ወደ ሲንጋፖር በሚሄደው የቡድናችን ጉዞ ላይ ዛሬ አራተኛ ስም ገባ። ጆይሊን ፓልማሬስ፣ ሃያ ሦስት ዓመት።

የሦስታችን ቲኬት የተቆረጠው ፌብሩዋሪ ላይ፣ አየር መንገዱ ለስድስት ሰዓት ብቻ ዋጋ በጣለበት ቀን ነው። ገንዘቡ አይመለስም፣ ስሙ አይቀየርም፣ ቀኑ አይዛወርም። እኔ፣ ኔሊና አርሲንግ። ከኮሌጅ ጀምረን ሠላሳ ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ርካሽ ጉዞ። ፌብሩዋሪ ላይ ገና እንዋደድ ነበር። አሁን አንዳችንም የተከፈለበት ቲኬት የምንተው ዓይነት ሰዎች ስላልሆንን አብረን እንሄዳለን።

ኔሊ ለልጇ ለጆይሊን ሙሉ ዋጋ ከፍላለች። ከሆስቴል ሳሙና ይዛ የምትወጣ ሴት፣ ሙሉ ዋጋ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ከጁን ወዲህ አንነጋገርም። የሰማሁት ከአርሲንግ ነው።

ጆይሊን የክርስትና ልጄ ናት።

ሴፕቴምበር 12

የነገው ጋዜጣ ገጽ አንድ ዘግይቷል። ጎርፍ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ ሁለት ሰው ጠፍቷል። አርሲንግ በመሃል ደወለ።

«ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ ላይ አንቺንና ኔሊን ጎን ለጎን ነው የመደባችሁ። ማስቀየር ያስከፍላል።»

«አንተ መሃል ግባልን።»

«እኔ እኮ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ ሉዝዬ። ምን ከምን ጋር ሲገናኝ እንደሚፈነዳ አውቃለሁ።»

ዘጋሁበት።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

በትክክል ልጻፈው፤ በኋላ እንዳይምታታብኝ።

ጁን 17 ጋዜጣችን ከአንድ ግቢ አምልጠው የተመለሱ የሁለት ሴቶችን ቃል አትሟል። ከዚህ የሚወጡት በጉብኝት ስም ነው። ሲንጋፖር ወይም ባንኮክ ላይ አንድ ሾፌር ይቀበላቸዋል። የሆቴል ሥራ ተብለው የሄዱት፣ አጥሩ ላይ ሽቦ በተጠቀለለበት ግቢ ውስጥ በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ስልክ ይዘው፣ የማያውቁትን ሰው ያፈቀሩ እየመሰሉ ገንዘቡን ሲያልቡ ይውላሉ። ያልሠራ ይደበደባል።

ሁለቱም የላከቻቸውን ሴት ስም ሰጡን። ፔርላ ፓልማሬስ። የኔሊ የሟች ባሏ ታላቅ እህት ናት። ሠፈሩ ሁሉ «ማናንግ ፔርላ» እያለ፣ እንደ ታላቅ እህት ነው የሚያያት።

ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አንድ መስመር። ለዘጋቢው የሰጠሁት ምክንያት፣ ሁለት ምስክር ፍርድ ቤት ቢሄድ አይበቃንም የሚል ነበር። ትክክለኛ ምክንያት ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ስም ሰርዣለሁ።

ኔሊ ግን ዘጋቢያችን የፔርላን በር ማንኳኳቱን ሰማች። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ቢሮ ድረስ መጥታ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። «ፈልጋችሁ ፈልጋችሁ አጣችሁ አይደል? የባሌን እህት ስም ጭቃ ልትቀቢ ነበር! እኔ አበልጅሽ አይደለሁም?»

ለአንቺ ብዬ ሰረዝኩት ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ብል፣ ስሙ ነበር ማለት ይሆናል።

ሴፕቴምበር 20

ኔሊ መጣች። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«የዋስ ደብዳቤ እፈልጋለሁ። ልጅቷ ሥራ ከፈታች ሦስት ወሯ ነው። አየር ማረፊያ ላይ ያለ ዋስ አያሳልፏትም።»

«አንቺ እናቷ አይደለሽ?»

«እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። የጋዜጣ አዘጋጅ ስም ይሻላል። ስሜ ዋጋ አለው እያልሽ ስትነግሪን ነው የኖርሽው፤ እስቲ ይሥራ።»

«ጉብኝት ብቻ ነው?»

«አይ፣ ልትነግሥ ነው! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«እንደ አበልጅ ነው የጠየቅኩሽ።»

«አበልጅነትሽን ጁን ላይ አየነው።»

እፈርማለሁ አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳትል ወጣች። ይህ እርቅ ይሆናል። ደብዳቤ መፈረም ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል፣ በዚያ ላይ ግልባጭ አለው።

ኦክቶበር 2

ጠበቃ ፊት ፈረምኩ። «ወደ አገሯ እስክትመለስ ድረስ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይላል። ሐረጉን እኔ ራሴ አስተካክዬዋለሁ፤ የጠበቃው ሰዋስው ደካማ ነበር።

ጆይሊን ጥፍሯን እየበላች አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የምትሠራበት የስልክ ማዕከል ተዘግቷል። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ቁልፍ ሰሌዳ ሳታይ ትጽፋለች። ስንወጣ ውጭ ይጠብቀን የነበረውን አርሲንግን፣ ከሲንጋፖር ባንኮክ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀችው። ሁለት ሰዓት ተኩል አላት።

ካርታ የምትወድ ልጅ ናት።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ስጦታ የማዘዝ ሰሞን ነው። ከቢሮ አሥራ ዘጠኝ ሰው አዞኛል፤ ቁልፍ መያዣ፣ ቸኮሌት፣ ለራስ ምታት የሚቀባ ዘይት፣ አንዱ አሳፋሪ ደግሞ የሩዝ ማብሰያ። ኔሊን የገበያው ጎረቤቶቿ ይዘዋታል። አርሲንግን አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ። ከዚህ ከተማ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ቀብር ላይም አይረሳለትም።

ጆይሊንን ማን ምን አዘዛት ብዬ ጠየቅኩ። ማንም።

አያቷን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገኘኋት። «ምን ታምጣልዎ?» አልኳት።

«እሷን ምንም አላዘዝናትም» አለችና ፊቷን አዞረች። ዕድሜዋ ሰማንያ ሁለት ነው፤ ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት ይሆናል።

ኦክቶበር 18፣ ሲንጋፖር

ደርሰናል። ወንድና ሴት ያልተለየበት፣ ስድስት አልጋ ያለው ክፍል። ከመነሻችን፣ ከኢሎኢሎ አየር ማረፊያ ሚዛን ልጀምር።

አንድ ሰው የሚፈቀድለት ሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣ ነው። ከዚያ ካለፈ ይከፈላል፤ እኛ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ከፍለን አናውቅም። አርሲንግ ሦስት ሸሚዝ ደርቦ መጣ። ኔሊ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ አምስት ጥቅል ኑድል ነበራት። የጆይሊን ሻንጣ ዘጠኝ ኪሎ ወጣ።

«ዘጠኝ!» አለ አርሲንግ። «ለአራት ቀን? ሙሽራ ነሽ እንዴ?»

ኔሊ ሻንጣውን ከፈተችና ትልቅ ቡናማ ፖስታ መዝዛ ሳታየኝ ዘረጋችልኝ። «አንቺ ቦታ አለሽ። ያዢላት።» በአራት ወር ውስጥ በደግ ድምፅ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ፖስታውና አንድ ጥንድ ጥቁር ቆዳ ጫማ ወደ እኔ ሻንጣ ገቡ። ፖስታው ውስጥ በፕላስቲክ የተለበጠ ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ስምንት ጉርድ ፎቶ አለ። ጥሩ ወረቀት ከባድ ነው።

ፓስፖርት የሚታይበት መስኮት ላይ ጆይሊንን ለብቻዋ ወሰዷት። ሻንጣዋን ከፈቱ። ቁምጣ፣ ካናቴራ፣ የፀሐይ መነጽር፤ ጎብኚ ናት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። መኮንኗ ወጣት ናት፣ ትሑት።

«ለእሷ ምኗ ነዎት?»

«የክርስትና እናቷ።»

«ትመለሳለች?»

«ትመለሳለች።»

ደብዳቤውን አነበበች፣ ስሜን ደግማ አየችው። «ስለ ግቢው የጻፈው ጋዜጣ አዘጋጅ እርስዎ ነዎት እንዴ? እዚህ ሁላችንም አንብበነዋል። እንዲህ ዓይነት ሰው አብሯት ካለማ።» ማኅተሙን መታች።

ጆይሊን እጄን ያዘች። «አመሰግናለሁ ኒናንግ» አለችኝ። ሕፃን ሆና የክርስትና እናቷን የጠራችበትን ስም እስካሁን አልተወችም።

ኦክቶበር 19

ዝናብ። በአንድ ቀን ውስጥ የተጣላንባቸው ነገሮች፦ መስኮት ይከፈት አይከፈት፣ የአውቶቡስ ቁጥር፣ የአርሲንግ ማንኮራፋት፣ የእኔ «የአለቃ ድምፅ»። ኔሊ የምሳ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ለማያውቁን ሰዎች ጭምር በሚሰማ ድምፅ፣ «ይቺ ሴትዮ ሰው ሲሳሳት ማየት ደመወዟ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ሳሙናውን መልሺ አልኳት። ዝቅ ያለ ነገር ነበር። አልቆጨኝም።

ከእራት በፊት ኔሊን መታጠቢያ ቤት ውስጥ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «በሦስተኛው ቀን ነው ያልሽኝ ማናንግ... አዎ፣ ከበሩ በስተግራ... ልጅቷ ታውቃለች።» ስለ ስጦታ መቀበያ ቦታ ይሆናል።

ሦስተኛው ቀን ነገ ነው። ነገ የመጫወቻ ፓርኩ ነው።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

ጆይሊን የለችም።

ኦክቶበር 20፣ በኋላ የተጻፈ

በቅደም ተከተል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጆይሊን፣ «ኒናንግ፣ ፖስታዬንና ጫማዬን» አለችኝ። ሰጠኋት። ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ሆስቴሉን አላመንኩትም አለች። ትከሻዋ እንዳይደክም ከባቡር ጣቢያው እስከ ፓርኩ በር ሻንጣውን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ።

በሩ አጠገብ ካለው ሱቅ አንድ ቁልፍ መያዣ ገዛች፤ ከሰማያዊ ብርጭቆ የተሠራ ዓሣ። እጄ ላይ አኖረችው።

«ይህን ለአያቴ ስጪልኝ።»

«ራስሽ ስጪያት እንጂ።»

«ሻንጣዬ ሞልቷል።»

ፓርኩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል በሚሮጠው የመጫወቻ ባቡር ላይ ብቻውን ለሚሳፈር ሰው የተለየ አጭር ሰልፍ አለ። ከጓደኛው ተነጥሎ ለመቀመጥ የፈቀደ ሰው ሁለት ሰዓት ከመቆም ይድናል። እኛ ሁልጊዜ በዚያ ነው የምንገባው፤ ዘንድሮማ ተነጥሎ መቀመጥ ማንንም አላስቸገረም። አራታችንም ተነጣጥለን ገባን። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ እኔ ወጣሁ። ከዚያ አርሲንግ፣ ፀጉሩ ቆሞ። ከዚያ ኔሊ። ጆይሊን አልወጣችም።

አርሲንግ ወዲያ ወዲህ ሮጠ። ጠባቂዎቹን አናገረ። ስሟ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ሦስት ጊዜ፣ ከፈንጠዝያው ሙዚቃ መሃል። ሰባት ሰዓት ላይ ላቡ እየተንጠባጠበ ሲመለስ ኔሊ የዶሮ ሩዝ እየበላች ነበር።

«ልጅሽ ጠፍታ ሩዝ ትደግሚያለሽ?»

«አልጠፋችም። አትጩህ።»

«ምን ማለት ነው አልጠፋችም?»

«ሥራ አግኝታለች። ባንኮክ፣ ትልቅ ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያ ላይ። ከበር ወስደዋታል። ጎብኚ ካልተባለች አታልፍማ! እናንተ ደመወዝ አላችሁ። እሷ ጣራ እያየች ትውል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ደብዳቤሽን እንደ እርቅ ቆጥሬዋለሁ። አበቃ።»

«ሥራውን ያገኘላት ማነው?» አልኩ። ድምፄ የተለመደው ነበር።

«ማናንግ ፔርላ። ሌላ ማን አለን?»

ፀሐይ ነበር። ከኋላችን ሰው በደስታ ይጮሃል፤ ባቡሩ በወረደ ቁጥር። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ፣ አውሮፕላን ገና አልተሳፈረች ይሆናል አልኩ ለራሴ።

ውሃ ልግዛ ብዬ ተነሣሁ።

ኦክቶበር 22

ተመለስን። አራት ወንበር፣ ሦስት ሰው። ባዶው ወንበር በእኔና በኔሊ መካከል ሆነ፤ አርሲንግ ሊቀመጥበት አልፈለገም። ቁልፍ መያዣው ኪሴ ውስጥ ነው።

ለአሥራ ዘጠኙም ስጦታቸውን ሰጠሁ። ሩዝ ማብሰያውን አላመጣሁም።

ኦክቶበር 26

ኔሊ ሱቋ ውስጥ ለመጣ ሁሉ ፎቶ እያሳየች ነው። ጆይሊን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ቆማለች። በስተኋላዋ ተደራራቢ አልጋ፣ በግማሽ የተሸፈነ መስኮት። አንገቷ ላይ ብርቱካንማ የመታወቂያ ማንጠልጠያ።

ሁለቱ ሴቶች ጁን ላይ ስለ ማንጠልጠያው ነግረውናል። በየፎቁ ቀለሙ ይለያል፤ ብርቱካንማ አዲስ ገቢ ነው። ማስታወሻዬ ውስጥ ገጽ አርባ አንድ ላይ አለ። ቤት ስደርስ አየሁት፤ ማየት አላስፈለገኝም ነበር።

«እዪ እስቲ የክርስትና ልጅሽን» አለች ኔሊ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅና። «እዪና ቅኚ።»

«አምሮባታል» አልኩ።

ኦክቶበር 28

አርሲንግ፦ «ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድሽ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ምንድነው?» ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። «ውሸትሽ ራሱ ታርሞ ነው የሚወጣው» አለኝና ሄደ።

ኦክቶበር 30

የጆይሊን ስልክ ተዘግቷል። ኔሊ ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ። ሁለቱን አላነሣሁም።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ፣ የሙታን ቀን

ከተማው ሁሉ መቃብር ላይ ነው። ሰው ድንኳን ዘርግቷል፣ ምግብ ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል። የኔሊ ባል መቃብር ላይ ሻማ በርቶ፣ ኔሊ ፊቷ አብጦ፣ የጆይሊን አያት በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ፔርላ ደግሞ ሙዝ ቅጠል ላይ የሩዝ ኬክ እየቆረጠች። አርሲንግ ቆሞ ነበር። እኔን እጄን ይዞ ያመጣኝ እሱ ነው።

«ኔትወርክ ነው» ትላለች ፔርላ። «አዲስ ሠራተኛ ስልክ ያስረክባል፤ የሥልጠና ሕግ ነው። ብዪ አንቺ፤ ሳትበዪ ውለሻል።»

«ሆቴል አይደለም» አልኩ።

ኔሊ ቀና አለች።

«ኔሊ፣ ሆቴል አይደለም። ግቢው ነው። ያ ማንጠልጠያ የግቢው ነው። ሁለቱ ሴቶች ማን እንደላካቸው ተናግረዋል።» ወደ ፔርላ ዞርኩ። «አንቺ ነሽ ብለዋል። ሁለቱም።»

ፔርላ ቢላዋዋን ጠረገች። አልደነገጠችም። ቦርሳዋን ከፍታ በፕላስቲክ የተለበጠ የጋዜጣ ገጽ አወጣችና መቃብሩ ላይ፣ በሻማዎቹ መካከል አኖረችው። የጁን 17 ገጽ አንድ።

«ይኸው ጋዜጣሽ። ለሚጠራጠረኝ ሁሉ ይህን ነው የማሳየው። የትኛው መስመር ላይ ነኝ? ጠቁሚኝ።»

አልጠቆምኩም።

«ብለውሽ ከነበር ለምን አልጻፍሽውም?»

ኔሊ ገጹን አየችው። ከዚያ እኔን። በጣም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ከጩኸቷ የበለጠ እሱ ነው ያስፈራኝ።

«እኔም ፈርቼ ነበር። ይህን አመጣችልኝ። ሉዝ ከኛ ጋር ተጣልታም እንኳ ስሟን አልጻፈችም፤ ስለዚህ ንጹሕ ናት አልኩ። ልጄን የሰጠሁት አንቺን አምኜ ነው።»

«ሰርዤው ነው» አልኩ። «ለአንቺ ብዬ።»

«ለእኔ?» ሻማውን አንሥታ ወረወረችብኝ። ሰሙ እጅጌዬ ላይ ነው ያረፈው። «ፓርኩ ውስጥስ? ማን እንዳገኘላት ስነግርሽ? ያኔስ ለማን ብለሽ ነው ዝም ያልሽው?»

ሰው ካርታውን አቁሞ ያየን ነበር። አያቷ ብቻ ቀና አላለችም። «እኔ ምንም አላዘዝኳትም» ትላለች ለራሷ። «የምትሄድን ልጅ አምጪ አይሉም።»

ዓሣው ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ኖቬምበር 4

እኔና ኔሊ ለየብቻ ለፖሊስ ቃላችንን ሰጠን። ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን፤ ግድግዳውን ተደግፋ አሳለፈችኝ። ባንኮክ ያለው ኤምባሲያችን የጆይሊንን ስም መዝግቧል። ቃል የተቀበለኝ ሰው ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ሐረጉ ግልጽ ነው» አለኝ። ስለ ፖስታው ጠየቀኝ። በእኔ ሻንጣ ነው ያለፈው አልኩ። ጻፈው።

ፔርላ ላይ ማስረጃ የሚሆነው የሁለቱ ሴቶች ቃል ነው። አንዷ ደሴት ቀይራለች። ሌላዋ ስልኳን አታነሣም። ጁን ላይ ለመናገር ዝግጁ ነበሩ።

ኖቬምበር 8

ኔሊ በአርሲንግ በኩል መልእክት ላከች፤ በቀጥታ አታናግረኝም። ፔርላ የተናገረችው ነው። ጋዜጣው እስከሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ዝም ካለ፣ ጆይሊን ቅዳሜ 15 ትለቀቃለች። የፔርላ ስም ከታተመ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ብላለች።

«ታምኛታለሽ?» አልኩት አርሲንግን፣ ኔሊን የማናግር ይመስል።

«ኔሊ ታምናለች። ሌላ ምን አላት?» መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ሌላም ነገር አለ። አምና ያስተማርኳት ልጅ፣ ሺያና፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ለጉብኝት ትሄዳለች። ሲንጋፖር። ሻንጣ ያዘጋጀችላቸው ፔርላ ናት። የሚበሩት ቅዳሜ 15 ነው።»

«ቤተሰቦቻቸውን አናግራቸው።»

«አናገርኳቸዋ! አባትየው ምን አለኝ መሰለሽ? መምህር፣ እውነት ቢሆን ጋዜጣው ይጽፈው ነበር አለኝ። በፕላስቲክ የተለበጠውን ገጽ ፔርላ አሳይታቸዋለች፤ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ምንም አልቀራቸውም።»

ኖቬምበር 11

ለዋና አዘጋጁ ሁሉንም ነገርኩት። መስመሩን፣ ደብዳቤውን፣ ፖስታውን፣ ፓርኩን። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«የሴቶቹ የድምፅ ቅጂ አለ?»

«አለ። መሳቢያዬ ውስጥ።»

«ሁለት ምስክር አይበቃም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ይበቃ ነበር።»

ከታተመ የሰረዝኩበት ምክንያትም በስሜ አብሮ ይታተማል አለ። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት መሥራቴን ቦርዱ ያየዋል። ካልታተመ ደግሞ እሱ ምንም እንዳልሰማ ነው። «ልጅቷ የአንቺ ናት» አለኝ። «ለአንቺ እተወዋለሁ። አርብን አታሳልፊ።»

አርብ ከታተመ ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው አየር ማረፊያው ውስጥ ይሸጣል። ሦስቱ ልጆች የሚሰለፉበት መስኮት አጠገብ ነው መደርደሪያው።

ኖቬምበር 12

ከቅጂው የመጀመሪያዋን ሴት ድምፅ ደግሜ ሰማሁ። «አዲስ ሰው ሲመጣ ለአንድ ሳምንት ደግ ናቸው» ትላለች። «ፎቶ ያስልኩሻል።» ከፎቶው አሥራ ሰባት ቀን ሆኗል።

ጆይሊን ቅዳሜ ብትለቀቅስ? ፔርላ ዋሽታ ካልሆነስ? ይህን ጥያቄ ዛሬ ስድስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ኔሊ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው የጆይሊን አያት ናት። ዓሣውን ሰጠኋት። ብርሃን ላይ አንሥታ አየችው፣ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው፣ ከማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ኔሊ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች። ጨርቅ መለኪያው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ልትጽፊው ነው?» አለች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔን አትጠይቂኝ! ጁን ላይ ጠይቀሽኛል? ለእኔ ብለሽ ሰርዘሻል፤ አሁን ደግሞ በእኔ ላይ ልትጥይው ነው?» ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ አየች። «የሺያና እናት ትናንት ከእኔ ጨርቅ ገዛች። ለልጅቷ ቀሚስ ልታሰፋላት። ለሥራ ነው አለችኝ፣ እየሳቀች። ሜትሩን ለካሁላት፣ ቆረጥኩላት፣ አጣጠፍኩላት። አፌ አልተከፈተም።»

መለኪያውን ከአንገቷ አወረደች።

«ስለዚህ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ» አለች። «ብትጽፊም አልምርሽም፤ ባትጽፊም አልምርሽም። ሂጂ አሁን።»

ቢሮ ተመልሼ መስመሩን ጻፍኩት፤ ጁን ላይ እንደነበረው። «ሁለቱም ሴቶች፣ በተለያየ ቀን ተጠይቀው፣ የላከቻቸው ፔርላ ፓልማሬስ መሆኗን ተናግረዋል።» አሥር ቃል ነው። ቆጠርኩት። ገጽ አንድ ላይ፣ ከላይ ሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ቦታ አለው።

ገጹ የሚዘጋው ነገ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ልሰርዘው እችላለሁ።